ጭብጦ የጨረሰ ዕለት

የኔታ መርስዔ ኃዘን አለንጋቸውን ጡረታ ያወጡት በስልሳ አንድ ዓመታቸው ነው። ከዚያ በፊት አለንጋው ከባለቤቱ በላይ ስመ ጥር ነበር። ከሞላሌ የአንድ ሰዓት መንገድ ወጣ ብላ ባለችው ደብር፣ ከጽዱ ዛፍ ሥር ተቀምጠው «ሀ በል!» ብለው ሲያንባርቁ ማዶ የሚግጡት በጎች ሳይቀሩ ቀና ብለው «ሀ» ይላሉ ይባል ነበር። ይህ የሞላሌ ጠላ ቤት ወሬ ነው። በጎቹ ከ«ሀ» አልፈው «ሁ» ማለታቸውን ግን ጠላ ጠጪዎቹም አይምሉበትም።

አለንጋውን ያስጣላቸው ሥልጠና ነው። ሚሊኒየሙ በተከበረ በሁለተኛው ዓመት አንድ ድርጅት የቄስ ትምህርት ቤት መምህራንን ደብረ ብርሃን ሰብስቦ አምስት ቀን አሠለጠነ። ያ ዘመን ሥልጠና እንደ ክረምት ጉም የሚወርድበት ዘመን ነበር። ገበሬው በማዳበሪያ ይሠለጥናል፣ እናቶች በምድጃ ይሠለጥናሉ፣ አሠልጣኞቹ ደግሞ በአሠልጣኝነት ይሠለጥናሉ። በመንዝ ምድር ሳይሠለጥን የቀረ ቢኖር የጓሳ ቀይ ቀበሮ ብቻ ነው፤ እሱንም ፈረንጅ በመነጽር ሲከታተለው ስለሚውል ጨርሶ አምልጧል ማለት ያስቸግራል።

የኔታ ከሌሎች አሥራ ሦስት ጥምጣም ለባሾች ጋር አዳራሽ ገብተው ተቀመጡ። አሠልጣኟ ከካራ ቆሬ የመጣች፣ ሻሿን አሳምራ ያሠረች፣ ዙሀራ የምትባል ወጣት ናት። ሰላምታ ስትሰጥ በእጇ አልነበረም፤ በእጇ ባጠለቀችው ካልሲ ነው። ካልሲው ዓይን አለው፣ አፍ አለው፣ አፉን ከፈት አደረገና «አባቶቼ፣ እንደምን አደራችሁ?» አለ። ከአሥራ አራቱ አራቱ አማተቡ። አንዱ መስቀላቸውን አወጡ። የኔታ መርስዔ ኃዘን ግን ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው ተነሡ።

«ልጄ፣ ይህ ነገር ከጣዖት የሚለየው በምንድን ነው?»

ዙሀራ ሳትደነግጥ፣ «ለጣዖት ሰው ይሰግድለታል፣ የኔታ። ይሄንን ግን ልጅ ያርመዋል» አለች።

አዳራሹ ሳቀ። የኔታ ቁጭ አሉ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ዓይናቸውን ከካልሲው ላይ አልነቀሉም። በአምስተኛው ቀን ልትሰናበታቸው ስትል ዙሀራ አንዲት ነገር ደጋግማ ተናገረች፦

«አደራችሁን አባቶቼ፣ አሻንጉሊታችሁ ከክፍሉ ሁሉ በታች ይሁን። የመጨረሻው ልጅ የማያውቀውን እሱ አይወቅ። አንድ ቀን አዋቂ ካደረጋችሁት፣ አለቀ።»

«ይህንንማ ማን ይስተዋል!» አሉ የኔታ በልባቸው። ሰው የሚሳሳተው ሁልጊዜ «ማን ይስተዋል» ባለው ላይ ነው።

ቤታቸው እንደደረሱ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ተሾመችን ጠሩ። ሸማኔው ጎረቤት ከቆረጠው በርኖስ የተረፈች ጥቁር ቁራጭ ለምነው ነበር፤ የአሻንጉሊቱ ልብስ እሷ ሆነች። አንጎሉ የበግ ጠጉር ሆነ፤ ምላሱ ከአሮጌ ሹራብ የተፈታ ቀይ ክር። ዓይን ሲቀር የኔታ የካፖርታቸውን የላይኛውን ቁልፍ በጠሱ።

«ምን አጠፋ ካፖርቱ?» አሉ ተሾመች።

«አንድ ዓይን ጎደለ።»

«እንግዲህ ውርጩ በዚያች ቀዳዳ ገብቶ ሲገድልዎ፣ በአሻንጉሊት ዓይን ሞቱ ብዬ ላልቅስ?»

ይህን እያሉ ሁለተኛውን ዓይን ከራሳቸው ሹራብ ቆርጠው ሰጡ። የካፖርቱ ቁልፍ ትልቅ፣ የሹራቡ ትንሽ ስለነበር፣ ፍጡሩ በአንድ ዓይኑ ሞላሌን፣ በሌላው መሐል ሜዳን የሚያይ ሆኖ ተገኘ። መጠኑ ለመንገድ ከሚቋጠር ጭብጦ አይበልጥምና፣ ስሙ ጭብጦ ተባለ።

ድምፁንም የኔታ ሦስት ሌሊት ከብርድ ልብስ ውስጥ ሆነው ተለማመዱት። ተሾመች እንደሚሉት መጀመሪያ የታመመ ጥጃ፣ ቀጥሎ ቅባት ያጣ የበር ማጠፊያ፣ በመጨረሻ ግን በአፍንጫው የሚናገር፣ ሰነፍ፣ ሆዳም፣ ተወዳጅ ተማሪ ወጣው።

በትምህርት ቤቱ ሃያ ሦስት ሕፃናት ነበሩ። ከነዚያ ውስጥ ኮከቤ የምትባል አንዲት ልጅ ነበረች። የጠጉር ፈታይዋ የጌታነሽ ልጅ ናት። በዕድሜዋ አንደኛ ክፍል መግባት ሲገባት፣ ከአራት ዓመት ሕፃናት ጋር «ሀ ሁ» ስትል ሦስተኛ ዓመቷን ይዛለች። ከፊደል ገበታው ሁሉ የተያዘላት አንድ ረድፍ ብቻ ነው፤ «ቀ»። ሌላው ከጆሮዋ ገብቶ ከየት እንደሚወጣ የኔታ በአለንጋ ቢያስሱም አላገኙትም። ልጆች በዕውቀታቸው ቅደም ተከተል ነው የሚቀመጡት። እሷ የመጨረሻዋ ናት። ጭብጦ እስኪመጣ ድረስ ከኮከቤ በታች የነበረው መሬቱ ብቻ ነው።

የኔታ ጭብጦን በቀኝ እጃቸው አጥልቀው ሲመጡ የት እንደሚያስቀምጡት ሁሉም ጠበቀ። ሄደው ከኮከቤ ቀጥሎ፣ ከረድፉ ጭራ ላይ ተቀመጡና ጭብጦን አነሡት።

«አዲስ ተማሪ ነው። ምንም አያውቅም። ይህን የመሰለ ደንቆሮ ከሰሜን ሸዋ አልተገኘም።»

«ቀ፣ ቁ፣ ቂ፣ ቃ...» አለ ጭብጦ። አሰበ። ጽዱን በአንድ ዓይኑ፣ አጥሩን በሌላው አየ። «...ቦ!»

ከዚያ ከወደ ጭራው አንዲት ድምፅ ተነሣች።

«ቄ በል!» ኮከቤ ናት። ቆማለች። «ቄ በል፣ አንተ ድንጋይ ራስ!»

«ማነው የሚጮህብኝ?» አለ ጭብጦ በአፍንጫው። «መምህርት ኮከቤ ናት?»

«አዎ! ድገም!»

«ርቦኛል።»

«አትራብ! ድገም!»

«ቀ፣ ቁ፣ ቂ፣ ቃ... ቄስ!»

ሃያ ሁለቱ ሕፃናት ሣር ላይ ተንከባለሉ። ኮከቤ ግን አልሳቀችም። መምህር አይስቅም። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ ልክ እንደ የኔታ ጉሮሮዋን ጠረግ አድርጋ፣ «ከመጀመሪያው» አለች።

ከዚያ ቀን በኋላ ሆነ የሚባለው ነገር፣ ግማሹን ቀንሰው ቢያወሩት እንኳ ተአምር ነው። አለንጋው ከቤታቸው ምሰሶ ሚስማር ላይ እንደተሰቀለ ሸረሪት ድር አደራችበት። ልጆቹ ጭብጦን ለማረም ሲሉ ከእሱ ቀድመው ማወቅ ነበረባቸው፤ ጭብጦ ደግሞ ዛሬ የተማረውን ነገ ይረሳል። ኮከቤማ ትምህርት ካበቃ በኋላ ትቀር ጀመር። «ነገ ‹በ›ን አስተምርሃለሁ» ትለዋለች። ግን «በ»ን ራሷ አታውቀውም። ስለዚህ ማታ ከአጎቷ ልጆች እየጠየቀች አጥንታ ትመጣለች፤ መምህር ባዶ እጁን ክፍል አይገባማ። እንዲህ እንዲህ እያለች፣ በሦስት ዓመት አንድ ረድፍ የያዘች ልጅ፣ በሰባት ወር «በ»ን፣ «ተ»ን፣ «ቸ»ን፣ «ኀ»ን አልፋ «ነ» ደረሰች። የኔታ ይህን ሲያዩ አንዳንድ ቀን ያለፉ ተማሪዎቻቸውን በልባቸው ይቆጥሩ ነበር። ለአርባ ዓመት በአለንጋ ያልተከፈተ በር ከካፖርት ላይ በተቆረጠ ቁልፍ ሲከፈት ማየት፣ ደስታውም ሐዘኑም ከባድ ነው። ስንቱን ልጅ እንዲሁ ገርፈው ሰደዱት?

በግንቦት ወር መልእክት መጣ። የጭብጦ ዝና ወረዳ ደርሷል። እንግዶች መጥተው «ምርጥ ተሞክሮ» ይቀምራሉ ተባለ። የደብሩ ሰው ግቢውን ጠረገ፤ ተሾመች የካፖርቱን ባዶ ቁልፍ ቦታ በመርፌ ቁልፍ ያዙት። መኪናዋ ጭቃ ውስጥ ሁለት ጊዜ ተቀርቅራ፣ ሁለት ጊዜ በምእመናን ትከሻ ወጥታ ደረሰች። ከውስጧ አምስት እንግዳ፣ አንድ ካሜራና ወፍራም ማስታወሻ ደብተር ወረደ። የደብተሩ ባለቤት ይታየው የሚባል ሱፐርቫይዘር ነው፤ ጨዋታ ወዳድ፣ ሳቁ ከሆዱ የሚነሣ ሰው።

ትምህርቱ እንደ ሁልጊዜው ተጀመረ። ጭብጦ ተሳሳተ፣ ልጆች ጮኹ፣ እንግዶች ተደሰቱ። «ቀ፣ ቁ፣ ቂ፣ ቃ... ቦ!» ሲል ኮከቤ እንደ ሁልጊዜው ተነሥታ «ቄ በል!» አለች። ካሜራው አነሣት። እዚህ ላይ ቢያበቃ ምን ነበረበት?

ይታየው እንባውን እየጠረገ፣ «የኔታ!» አለ። «ይሄ ተማሪዎ ግን ዓመቱን ሙሉ ተምሮ ‹ቃ› ላይ ነው የቆመው? እንግዲህ ሪፖርቱ ላይ ምን ብዬ ልጻፍልዎ? መምህሩ ደከሙ ልበል፣ ወይስ ተማሪው ይድገም?»

እንግዶቹ ሳቁ። በአጥሩ ላይ ተደግፎ የሚያየው የደብሩ ሰውም ሳቀ። ይታየው ክፋት አልነበረበትም፤ ለጨዋታ ነው። የኔታም ጨዋታ እንደሆነ አልጠፋቸውም። ግን አርባ ዓመት «የመርስዔ ኃዘን ተማሪ» ሲባል ሰው ከወንበሩ ይነሣ ነበር እንጂ አይስቅም። ደማቸው ከእግራቸው እስከ ጥምጣማቸው ወጣ።

«ጭብጦ!» አሉ። «እንግዶቹ ናቁህ። እስቲ አሳያቸው!»

ጭብጦ ቀና አለ። በአፍንጫ መናገሩን ተወ። ከ«ሀ» ተነሥቶ እንደ ጎርፍ ወረደ። «ቀ» ላይ ሲደርስ ኮከቤ፣ ልማዷ ነውና፣ ብድግ ብላ አፏን ከፍታ ጠበቀችው። «ቀ፣ ቁ፣ ቂ፣ ቃ፣ ቄ፣ ቅ፣ ቆ» አለና አለፋት። ዘወርም ብሎ አላያትም። «በ»ን አለፈ፣ «ነ»ን አለፈ፣ «ፐ» ደረሰ፣ አቡጊዳውን ወደ ላይ ወደ ታች አስኬደው፣ ከዚያ ግዕዙን በዜማ ያዘው። እንግዶቹ ቆመው አጨበጨቡ። አንዲት እናት እልል አለች።

ኮከቤ አፏን እንደከፈተች ቆማ ቀረች። ቀስ ብላ ተቀመጠች።

የኔታ በዓይናቸው ጥግ አይተዋታል። አላየሁም አላሉም፤ እስከ ዛሬም አይሉም። ግን ጭብጨባው ገና አላለቀም ነበር። «ነገ አስተካክለዋለሁ» አሉ በልባቸው።

ነገ ግን ሌላ ነገር ይዞ መጣ። በዚያ አገር ልጅ ፊደል ሲጨርስ ቤተሰቡ ዳቦ ጋግሮ ለመምህሩ ያመጣል፤ መምህሩ ይመርቁታል፤ ልጁም ከፊደል ረድፍ ተነሥቶ ንባብ ከሚማሩት ትልልቆች ጋር ይቀመጣል። ሕፃናቱ ሥርዓቱን ያውቃሉ። ጠዋት የኔታ ሲመጡ ከጽዱ ሥር የዳቦ ቁራሽ፣ የገብስ ቆሎ፣ ከአንዲት የተሰነጠቀች የተቀቀለች እንቁላል ጋር ተደርድሮ ጠበቃቸው።

«ምንድን ነው ይህ?»

«የጭብጦ ማስመረቂያ ነው፣ የኔታ! ጭብጦ ጨረሰ!»

ኮከቤም ከሰልፉ መጨረሻ መጥታ ከነጠላዋ ጫፍ እፍኝ ቆሎ ፈትታ አስቀመጠች። የጭብጦን ጉንጭ ሳመች፤ እንዲህ ነው የሚደረገው።

የኔታ በዚያች ሰዓት እንቢ ማለት ይችሉ ነበር። «አልጨረሰም፤ ትናንት ቀባጠረ» ቢሉ ያምኗቸው ነበር። ግን የትናንቱ ጭብጨባ ገና ከጆሯቸው አልወጣም፤ ሳቃቸው መጣ፤ የልጆቹ ድግስ በጣም ደስ አላቸው። ቆሎውን ቆረጠሙ፣ ጭብጦን በሙሉ ምርቃት መረቁት፣ ወስደውም ከንባብ ተማሪዎቹ መካከል አስቀመጡት። ኮከቤ ወደ ቦታዋ ተመለሰች። ወደ ጎኗ አየች። መሬቱ ብቻ ነው ያለው።

በማግስቱ አልመጣችም። በሳምንቱም። ከወረዳው የ«ምርጥ ተሞክሮ» ምስክር ወረቀት ግን ማኅተም ተመትቶበት፣ በመስታወት ተለብጦ መጣና ከአለንጋው አጠገብ ተሰቀለ።

በሦስተኛው እሑድ የኔታ ከቅዳሴ በኋላ ጌታነሽን ከበሩ ላይ ያዟት።

«ልጅቱን የት አደረስሻት?»

«እምቢ አለችኝ፣ የኔታ። ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ እምቢ። ‹ጭብጦም አለፈኝ› ትላለች።»

ይህን ሰምተው ቀኑን አላሳደሩትም። ጭብጦን ከለበሱት የሱፍ ባና ሥር ደብቀው፣ በሰኔ ጭቃ፣ በዚያ ዳገት ላይ ሦስት ጊዜ ተንሸራተው ጌታነሽ ቤት ደረሱ። ኮከቤ ከእናቷ ጋር የበግ ጠጉር ታባዝታለች። ተነሥታ ጉልበታቸውን ስማ ተመልሳ ተቀመጠች።

የኔታ ከባናቸው ሥር እጃቸውን አወጡ።

«ኮከቤ...» አለ ጭብጦ በድሮው የአፍንጫ ድምፁ። «መጥፎ ነገር አገኘኝ። ሁሉንም ረሳሁት። ቀ፣ ቁ፣ ቂ፣ ቃ... ቦ!»

ኮከቤ ጠጉሩን ከጭኗ ላይ አስቀመጠች። ጭብጦን አላየችውም። መጀመሪያ የየኔታን ጉሮሮ አየች። ከዚያ የጭብጦን ትልቁን ዓይን አየች። ከዚያ ካፖርታቸው ላይ በመርፌ ቁልፍ የተያዘችውን ባዶ ቦታ አየች።

«አውቆ ነው የሚሳሳተው» አለች።

«አይደለም» አለ ጭብጦ፣ ድምፁ እየሰለለ።

«ያኔም አውቆ ነበር፣ የኔታ?»

የኔታ መርስዔ ኃዘን በጉባኤ ቤት ሳሉ የመምህራንን ጥያቄ ሳያስጨርሱ የሚመልሱ፣ በክርክር ማንም ሊቅ አፋቸውን አስይዟቸው የማያውቅ ሰው ነበሩ። እዚህ ግን ሁለት መልስ ብቻ ነበር። «አዎ» ቢሉ፣ ልጅቱ ሰባት ወር ሙሉ ያስተማረችው ትምህርት ውሸት ይሆናል። «አይደለም» ቢሉ፣ መስቀል በኪሳቸው ይዘው ሕፃን ፊት ይዋሻሉ። ዝም አሉ። ዝምታቸው ራሱ «አዎ» ሆነባቸው። ኮከቤ ጠጉሯን አንሥታ ማባዘት ቀጠለች።

በዓመቱ ዙሀራ ለክትትል ሞላሌ መጣች። የኔታ ምስክር ወረቀቱን አላሳዩዋትም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቋት።

«ልጄ፣ አንዴ ያወቀ አሻንጉሊት እንዴት አድርጎ ይረሳል?»

ዙሀራ መመሪያዋን ልትገልጥ እጇን ሰደደችና ተወችው። «ያ ከመጽሐፉ የለም፣ የኔታ። ሌላ ይሥሩ፤ ሌሎች ልጆች ይመጣሉ።»

ሌላ ሠሩ። ሌሎች ልጆች መጡ። አዲሱም አሻንጉሊት ተወደደ፤ ማንም እንግዳ ቢስቅበት፣ መንግሥተ ሰማያትን ቢሰጡት፣ ከ«ሀ» ወደ «ሁ» እንዲያልፍ አልፈቀዱለትም። ጭብጦ ግን ከሣጥን ሥር ገባ። ተሾመች አንዴ፣ «ቢያንስ ቁልፉን ይንቀሉና ካፖርቱ ላይ ልመልሰው» ቢሏቸው፣ «ውርጩ ይግባ» አሏቸው።

ጭብጦ በተመረቀ በአራተኛው ዓመት በሞላሌ ገበያ ከኮከቤ ጋር ፊት ለፊት ተገናኙ። ቁመቷ እናቷን ሊደርስ ነው። ራሷ የፈተለችውን ጠጉር በጀርባዋ አዝላለች። ጎንበስ ብላ መስቀል ተሳለመች።

«ትምህርትስ፣ ልጄ?»

«ተውኩት እኮ፣ የኔታ። ከእናቴ ጋር ነው የምሠራው።»

«ፊደሉስ?»

ፈገግ አለች። ሊሰናበቷት ሲሉ አንድ ነገር አሸነፋቸው። የስልሳ አምስት ዓመት ሽማግሌ ናቸው፤ ጥምጣም አሥረዋል፤ ገበያው ሙሉ ነው። ባዶ ቀኝ እጃቸውን አነሡ፣ አራቱን ጣት ከአውራ ጣት አጋጠሙ፣ እንደ አፍ ከፈቱትና በአፍንጫቸው፣

«ቀ፣ ቁ፣ ቂ፣ ቃ... ቦ!» አሉ።

ጨው ሻጩ ዞረ። ሁለት ሴቶች ቅርጫታቸውን አስቀምጠው አዩ። አንዱ አህያ ነጂ ሳቁን በጋቢው አፈነው። ኮከቤ ግራ ቀኝ አየችና አንገቷን ደፋች።

«ሰው ይሰማል፣ የኔታ» አለች በለሆሳስ። ያዘለችውን ጠጉር አስተካከለችና ወደ ገበያው ውስጥ ገባች።

የኔታ እጃቸው እንደተነሣ ነበር። የሚያርም ስላልነበረ፣ «ቄ» አሉ ራሳቸው፤ ቀስ ብለው፣ በገዛ ድምፃቸው።